ከመርዶው በፊት ያጌጠው ቤት

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ብሔራዊ ውትድርና ልጆቻችንን ከየቤቱ መልቀም በጀመረበት ጊዜ፣ እዚሁ ደባርቅ ነው። ዛሬ አያት ነኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያ ዓመት ገና ግን ከልቤ አልወጣም። ልጄ ሞቶ ሳለ፣ ሰፈሩም ሁሉ መሞቱን እያወቀ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ ቤቴን ያስጌጥኩበት ገና ነውና።

የመጀመሪያ ልጄ ይርጋ ይባላል። ቤት ውስጥ ዛፍ ማቆምን ያመጣብን እሱ ነው። ጎንደር ተምሮ ሲመለስ፣ ለገና ከተራራው ግርጌ አስታ ከምንለው የደጋ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። በእኛ አገር ለገና ግድግዳው በነጭ አፈር ይቀባል፣ ወለሉ ቄጠማ ይጎዘጎዛል እንጂ ዛፍ ማን ያውቃል?

«ይህን የምታስገባው ፍየል ልትቀልብበት ነው?» አልኩት።

«እማዬ፣ ዝም ብለሽ እዪ» አለኝ።

ለፈትል ካዘጋጀሁት ባዘቶ እየቦጨቀ በየቅርንጫፉ አስቀመጠ። ከሻይ ቤት የለቃቀመውን የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት እየጠቀለለ አንጠለጠለ። ስለ ባዘቶዬ ጮህኩበት። ኩራዙ ሲበራ ግን ወረቀቱ አብለጨለጨ፤ እኔም የቀረውን ባዘቶ አቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ አስታ ሳይቆም ገና ገብቶ አያውቅም።

ለውትድርና ሲወስዱት ቀበሌ ሄጄ ተሟገትኩ። የሹሞቹ ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው የእኔ ለምን ይሄዳል አልኩ። አድልዎ አይዋጥልኝም፤ ድሮም አሁንም። ሊያስወጡኝ ቢገፉኝ በሩን ይዤ ቀረሁ። ያስለቀቀኝ ይርጋ ራሱ ነው።

«እማዬ ተይ፤ እኔ ብቀር በእኔ ፈንታ የሌላ እናት ልጅ ነው የሚወሰደው» አለኝ።

በሩን ለቀቅሁ። መኪናው ላይ ሲወጣ፣ «አስታውን እንዳታስቀሪው» ብሎኝ ሄደ።

ገና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከይርጋ ጋር የዘመተ አንድ የዳባት ልጅ ቆስሎ ወደ አገሩ ሲመለስ በደባርቅ አለፈ። ይርጋ መሞቱን ለሰፈራችን ሽማግሌዎች ነገራቸው። እነሱም ከነፍስ አባቴ ጋር ተማክረው፣ «በዓሉ ይለፍላት፤ መርዶው ከገና በኋላ ይነገራት» ብለው ተስማሙ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ አስታዬን አስቆርጬ፣ ባዘቶዬንና ይርጋ የጠቀለላቸውን ብልጭልጭ ወረቀቶች እያዘጋጀሁ ነበር።

በዋዜማው ጎረቤቴ ዘነቡ መጣች። ከዘነቡ ጋር በአጥር ተጣልተን ተኳርፈን የከረምን ሰዎች ነን፤ ጨው እንኳ አንዋዋስም ነበር። ያን ቀን ግን ሙዳይ ሙሉ ባዘቶ ይዛ ደጄ ቆመች።

«ለዛፍሽ ነው» አለች።

«ምን ነካሽ አንቺ? ልትሞቺ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባት።

አልሳቀችም። ገብታ አስታውን ያዘችልኝ። «ከላይ ባዶ ነው፤ ጨምሪበት» እያለች ባዘቶ ታቀብለኝ ጀመር። ሌሎቹም ተከታትለው መጡ። አንዱ ቄጠማ አጭዶ አመጣ፤ አንዷ ነጭ አፈር በጥብጣ ግድግዳዬን ቀባች። እኔ የሰው ድካም በነፃ መቀበል አልወድም፤ ለሁሉም ጠላ ቀዳሁ። ለከንፈራቸው ብቻ አስነክተው መለሱልኝ። ሆምጥጦ ይሆናል ብዬ ቀመስኩት፤ ጠላው ደህና ነበር።

በገና ዕለት ቤቴ ሞላ። ዳቦውን እየቆረስኩ፣ «ይህን ጊዜ ይርጋ ቢኖር ዛፉን እያየ ይኩራራብን ነበር» አልኩ። ዘነቡ ተነሥታ ያልወደቀ ባዘቶ ስታስተካክል ቆየች።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አባ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ቆመዋል። ዘነቡ ነጠላዋን ለኀዘን እንደሚለበሰው ገልብጣ ለብሳለች። በእኛ አገር በዚህ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ከመጣ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል።

«ልጄ፣ ይርጋን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሉ አባ።

እንባዬ ከመምጣቱ በፊት ጥያቄዬ መጣ። «መቼ ነው የሰማችሁት?»

ሽማግሌዎቹ ወደ አባ ዞሩ።

«አባ፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው!»

«ከበዓሉ በፊት» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

ወደ ዘነቡ ዞርኩ። «ባዘቶውን ስታመጪ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልጄ ሞቶ እኔ ዛፍ ሳስጌጥ ቆመሽ አየሽኝ? ይኼ ፍርድ ነው?»

«አዎ፣ አየሁሽ» አለች። «የእኔን ልጅ፣ የአበራን መርዶ በፋሲካ ዋዜማ ነው የነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ፋሲካ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። አገር ሲፈስክ እኔ ሳለቅስ እውላለሁ። አንቺ ሌላም ልጅ አለሽ። ገናው እንዳይወሰድብሽ ብዬ ሽማግሌዎቹን የለመንኩ እኔ ነኝ። መጥላት ካለብሽ እኔን ጥይ።»

ያን ጊዜ ጮህኩ።

ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ወጥቶ፣ በሰው እጅ እየዞረ ሙሾ ይወረድበታል። ይርጋ ግን ደህና ደህናውን ልብስ ለብሶ ሄዷል። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ የቀረን አንድ አሮጌ ሹራብ ነበር። ሹራቡን ይዤ ስንከራተት ዘነቡ ወደ ቤት ገባች። አስታውን ከነባዘቶው፣ ከነብልጭልጩ ተሸክማ ወጣች።

«የእጁ ሥራ ይኸውና!» አለች።

ዛፍ ተይዞ ሲለቀስ አይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች ተከትለዋት ዞሩ። ወረቀቱ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ባዘቶው በነፋስ እየተነቀለ በሰዉ ነጠላ ላይ ያርፍ ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል የፕላስቲክ ዛፍ ያቆማሉ። አልከለክላቸውም። እኔም በጎኑ አንዲት የአስታ ቅርንጫፍ አቆማለሁ። ዘነቡ በምርኩዝ እየተረዳች ባዘቶዋን ይዛ ትመጣለች። እየሰቀልን እንጨቃጨቃለን። እናት የልጇን ሞት ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ መስማት የለባትም እላታለሁ፤ እስከ መቃብሬ ይህን እላለሁ።

«ገናሽ ግን አለ አይደል?» ትለኛለች።

«አለ። ቢሆንም ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።»

«ዛሬም ቢሆን አልነግርሽም።»

በፋሲካ ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ቄጠማ ይዤ እሷ ቤት እሄዳለሁ። ወለሏን ግን እስካሁን አታስጎዘጉዘኝም። ደጃፏ ላይ ጎዝጉዤ፣ እዚያው አብሬያት እቀመጣለሁ።