የሺሃረግና የካልኩለሱ ሕግ

የሺሃረግ ሸኮ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቡና ለቅማለች። ሥራዋ በመጋዘን ወለል ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተደርድራ ተቀምጣ የተነቀዘውንና የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው መለየት ነበር። እጇ ፈጣን፣ ዓይኗ የማይምር ነው። ከሰፌዱ አንድ ክፉ ፍሬ አምልጧት ሌላ ሰው ካገኘባት ያን ቀን ፊቷ አይፈታም። ባሏ ልጃቸው ማህደር ሁለት ዓመት ሳይሞላት በወባ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሌላ አላገባችም።

እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ፤ አጥራችን አንድ ነው። የሰፈራችን እድር ዳኛም ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ ነው። የሺሃረግ ግን አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ቤቷ የሚገባ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር።

ማህደር ቴፒ ካምፓስ ገብታ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ስትጨርስ ዓይኗ አብጦ ወደ ቤት መጣች። እናቷ ቦርሳዋን ሳታስወርዳት ጠየቀቻት።

«ምን ጣለሽ?»

«ካልኩለስ። ኤፍ አገኘሁ።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

ማህደር እያለቀሰች ሳቀች። «ሰው አይደለም እማዬ፣ ሂሳብ ነው። የሚለዋወጥ ነገር በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚሰላበት።»

«እሱንማ እኔ አጥቼው ነው? ዝናብ የነካው ቡና በሰዓት ስንት እንደሚበላሽ ጠይቂኝ።»

«እንግዲያው አንቺ ተፈተኝልኝ።»

«አልፍ ነበር እንጂ! ለመሆኑ ይኼ አስተማሪ ሕግ የለውም? ሕጉን ሳታውቂ ነው የተፈተንሽው?»

ሕግስ ነበረው። መምህሩ፣ ጥበቡ የሚባለው፣ በሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን የኮርሱን ደንብ በእንግሊዝኛ ለተማሪው ሁሉ ያድላል። ማህደር ኮርሱን መድገም ነበረባት፤ እንደገና ከወደቀች ከዩኒቨርሲቲው ትባረራለች። የሺሃረግ ይህን ስትሰማ «ወረቀቱን በአማርኛ ጽፈሽ አምጪልኝ» አለቻት። ልጅቷም በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ ከደብተሯ በገነጠለችው ሉክ ላይ አሳምራ ጽፋ አመጣች። እኔ አነበብኩት፤ የሺሃረግ በሊጥ ግድግዳው ላይ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው።

እንዲህ ይል ነበር። ከመቶ ሰማንያ አምስት እጅ ክፍል ያልተገኘ ተማሪ ለመጨረሻው ፈተና አይቀመጥም። ቀኑ ያለፈበት የቤት ሥራ ተቀባይነት የለውም። መልስ ብቻ አይበቃም፤ የተሠራበት መንገድ ካልታየ ነጥብ አይሰጥም። ካልኩሌተርና ስልክ ወደ ፈተና አይገባም። የመጨረሻው ፈተና ከመቶ ሃምሳ ይይዛል፤ በዕለቱ ያልተገኘ ዜሮ ያገኛል።

የመንገዱን ነገር ስትሰማ የሺሃረግ ራሷን ነቀነቀች። «ይኼ ሰውዬ አዋቂ ነው። መልስማ ከጎረቤትም ይገኛል።»

ከዚያ ወዲያ ደንቡን ከልጅቷ ይልቅ እናትየው ጠበቀችው። ጠዋት ጠዋት ወደ መጋዘን ስትሄድ ትደውላለች። «ገባሽ?» «እየገባሁ ነው እማዬ።» «የቤት ሥራው ቀኑ መቼ ነው?» ማህደር ስልኳ በጮኸ ቁጥር የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ መክሊት «ተነሺ፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ደወሉ» ትላት ነበር አሉ። የሺሃረግ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔን እያስቆመች ወረቀቱን ታስነብበኛለች፤ በኋላ እሷም እኔም በቃላችን ያዝነው።

ከፋሲካ በኋላ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሚዛን ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ ጉበቷ እንደተጎዳና ጊዜው እንዳለፈ ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ፤ እሷ ግን ከፊቴ አነበበችው። ለልጅቷ ጉንፋን ነው አለቻት። ድምጿ ሲደክም የምትናገረውን ታሳጥራለች እንጂ የጠዋቱን ስልክ አላስታጎለችም።

ሰኔ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ፈተና ሳምንት ገባ። እሑድ ከሰዓት በኋላ አስጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ፈተናው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጠዋት ነው የሺ።»

«እኔ ሐሙስን የማይ አይመስለኝም።»

«ተይ እንጂ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ይተዉኝ ልናገር። ወረቀቱ ላልተፈተነ ምን ይላል?»

«በዕለቱ ያልተገኘ ዜሮ ያገኛል።»

«ሌላ የለውም? ለታመመ፣ ወይም ሰው ለሞተበት?»

ተነሥቼ መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበብኩት። «የለውም» አልኳት።

«እንግዲያው ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ። ቃል ይግቡልኝ።»

ቃል ገባሁላት። በእኛ አገር መርዶ ማቆየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለነፍሰ ጡርም፣ መንገድ ላይ ላለም ሰው ይቆያል። እኔ ራሴ በእድር ዳኝነቴ ለብዙ ሰው አቆይቻለሁ። ስለዚህ ከባድ ሆነብኝ እንጂ ስህተት አልመሰለኝም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ አረፈች። እድርተኛውን ሰብስቤ ማንም ወደ ቴፒ እንዳይደውል፣ ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶዋን እንዳያወጣ አስጠነቀቅሁ። ቴፒ የሚማሩ አራት የሸኮ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ቤት እየዞርኩ ለመንኩ። ሁሉም እሺ አሉኝ።

ማታውን የሟች ስልክ ጮኸ። ለቅሶው እንዳይሰማ ጎረቤታችን ሳራ ስልኩን ይዛ ጓሮ ወደ እንሰቱ ውስጥ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ሳሪዬ፣ እማዬን አገናኚኝ።»

«ተኝታለች ማሂዬ። ጉንፋኑ አድክሟታል። ጥናት እንዴት ነው?»

«አንድ ምዕራፍ ቀርቶኛል። ስትነቃ አንድም ቀን ክፍል አልቀረሁም በያት፣ ሕጉን አልጣስኩም።»

«እነግራታለሁ።»

ሳራ ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን በአፏ ነክሳ ቁጭ አለች። 

ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናት። ሐሙስ ማህደር ተፈተነች። ሐሙስ ማታ ለመክሊት ደውለን አስረዳናት፤ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል እኔና ሳራ፣ ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር፣ ካምፓሱ በር ላይ ደረስን።

ማህደር ከመክሊት ጋር ስትመጣ ገና እንቅልፍ ከፊቷ አልለቀቀም። ሳራ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ስታይ ቆመች። ምንም ሳትጠይቅ ጮኸች። ይዘናት መሬት ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው መናገር የቻለችው።

«መቼ?»

«ማክሰኞ ቀትር ላይ።»

«መቼ ቀበራችኋት?»

«ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት።»

«ያለ እኔ? ጋሼ፣ ያለ እኔ?»

«ልጄ፣ የእናትሽ አደራ ነው። ከቀረሽ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ካገኘሽ መባረር ነው። ወረቀቱን አይተን ነው።»

ለቅሶዋ ተቋረጠ። ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

«እንግሊዝኛው ላይ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ወላጅ የሞተበት ተማሪ ከቀበሌው ደብዳቤ ካመጣ በሳምንት ውስጥ ሌላ ፈተና ይሰጠዋል ይላል። እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

«ለምን ልጄ?»

«ወላጅ የሞተበት ብዬ ለእናቴ ልጻፍ? በራስጌዋ ልለጥፈው? ሟርት መስሎኝ ነው ጋሼ። ለእሷ ክፉ ሳላስብ ነው።»

ሳራ አቀፈቻት። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።  በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልጽፈውም ነበር፤ ከመካከላችን የሚጽፈው ማን ነው? ግን እናትየው በግልጽ ጠይቃኝ «የለውም» ያልኳት እኔ ነኝ። ወደ ልጅቷ ወይም ወደ መምህሩ ደውዬ አንድ ቃል ብጠይቅ ምን ነበረበት? ወረቀት አነባለሁ ብዬ ስለምኮራ ያነበብኩት በቃኝ።

ቅዳሜ መምህር ጥበቡ ለቅሶ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ስሸኘው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘንድሮ ለሁለት ተማሪዎች በዚሁ አንቀጽ በሌላ ቀን ፈትኛለሁ። ብትደውሉልኝ ኖሮ...» አለኝ።

«ይህን ለእሷ እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም አባባ።»

ውጤቱ ሐምሌ ላይ ወጣ። ቢ አግኝታለች። ስልኳን ለሳራ አሳየቻት፤ ሳራ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እኔ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። «አመሰግናለሁ» አለችኝና የቡና ጆንያ ተሸክማ ወደ መጋዘኑ ገባች። ክረምቱን በእናቷ ቦታ ቡና ስትለቅም ነበር።

እሑድ እሑድ ግን እኔ ዘንድ ትመጣለች። አጠገቤ ተቀምጣ «የቀብሩን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ማን ሬሳዋን እንዳጠበ፣ ማን እንደገነዛት፣ የትኞቹ ካህናት እንደመጡ። አንድ ጊዜ አዝኜላት ሬሳውን የተሸከሙት ጭቃ አዳልጧቸው እንደተንገዳገዱ ሳልነግራት አለፍኩ። ከሳራ ሰምታ ኖሮ ተቆጣችኝ። «አይዝለሉ ጋሼ። ያለውን ሁሉ ይንገሩኝ።» ከዚያ ወዲያ ምንም አልዘለልኩም።

ባለፈው እሑድ መሐል ላይ አቋረጠችኝ።

«በዘጠኝ ሰዓት ነው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ጉድጓዱ አወረድናት።»

«በዘጠኝ ሰዓት እኔና መክሊት ላይብረሪ ደጅ ቆመን እየሳቅን ነበር» አለች። «ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሳቅሁት። በምን እንደሆነ ግን አሁን ጠፋኝ።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«ይቀጥሉ» አለችኝ።

አፈሩን መጀመሪያ ማን እንደመለሰ፣ ካፊያው በየት በኩል እንደመጣ፣ ሴቶቹ ምን እያሉ እንዳለቀሱ እስከ መጨረሻው ነገርኳት።