ቦታዋን የሳተች እጢ

ወንድሟ የተማሪ ዩኒፎርም በሚያሰፋበት ሱቅ ከአራቱ ሰፊዎች አንዷ እሷ ነበረች። አንዷ ማለት ለወጉ ነው፤ የሦስቱን ሥራ ብቻዋን ታወጣው ነበር። ያለባት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ጉሮሮዋ መሃል ላይ፣ ስትውጥ ሽቅብ የምትዘል፣ ለውዝ የምታህል እብጠት። ስንት ዓመት አብራት ስትኖር ምንም አላለቻትም። የወንድሟ ሚስት ግን አላስቀምጥ አለቻት። "አንቺ፣ ያቺን ነገር ወይ ዋጫት ወይ ትፊያት!" እያለች ደንበኛ ፊት ታስቅባታለች።

ሲመራት አንድ የግል ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አደረገና "የውሃ ቋጠሮ ናት፣ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም" አላት።

"አልትራሳውንድ ምናምን አያስፈልግም?"

"ስንቱን ሰው የቀደድኩትን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። ቀደዳት፣ ሰፋት። ስፌቱን እሷም አድንቃለታለች፤ ባለሙያ ናታ።

በሦስተኛው ወር ሰውነቷ ከዳት። በጠራራ ፀሐይ ይበርዳታል። ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፣ ድምጿ ሻከረ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ያንቀላፋል። "ቁንጅናው ሲመጣ ሥራው ቀረ" አለች የወንድሟ ሚስት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ወንድሟም ማሽኗን ለአንዲት አዲስ ልጅ ሰጥቶ እሷን ቁልፍ መትከል ላይ አስቀመጣት። "እስኪሻልሽ ነው እህት ዓለም" አላት።

ቆይታ ቆይታ የመንግሥት ሆስፒታል ሄደች። እዚያ ያለችው ዶክተር ደሟን አስመረመረች፣ አንገቷን በአልትራሳውንድ አየችና ጣቷን አንገቷ ግርጌ ላይ አሳረፈች።

"ታይሮይድ የሚባለው፣ ሰውነትን የሚያሞቀውና የሚያነቃው እጢ፣ እዚህ ጋ መኖር ነበረበት። የለም። ስትፈጠሪ ከምላስሽ ሥር ተነስቶ ሲወርድ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያወጡልሽ እሱን ነው። ያለሽም እሱ ብቻ ነበር።"

"ሄጄ መልሱልኝ ብላቸውስ?"

"ከተጣለ ቆየ እኮ እናቴ።"

ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችላት፤ ዕድሜ ልኳን።

ክኒኑ ሠራ። በአራት ወሩ የፊቷ እብጠት ጎደለ፣ እጇ ተፍታታ። አንድ ቀን ልጅቷ ለምሳ ስትወጣ ማሽኑ ላይ ቁጭ አለችና፣ በወንድሟ ዓይን ሥር አንድ ሸሚዝ ከኮሌታ እስከ እጅጌ ገጠመች። ገለበጠው፣ ጎተተው፣ እንከን አጣለት።

"ስፌቱስ ስፌት ነው። ግን ልጅቷን ምን ብዬ ላስነሳት?"

"እኔን ምን ብለህ አስነሳኸኝ?"

"አንቺማ እህቴ ነሽ።"