ሦስተኛው ዙር

ልጄ ሳሎን ውስጥ የመኪና ውድድር ሲከፍት የሞተሩ ጩኸት ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል። ማማሰያው እጄ ላይ ይቆማል። ቤንዚን ይሸተኛል።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች ክፍል እንግሊዝኛ እንማር ነበር። የጋራዡ ሽታ በመስኮት ይገባል። አስተማሪያችንን ኦሎምፒያ ያለ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያ አንድ ሰው ላኩልኝ ብሏቸው፣ ሳያቋርጥ ብዙ የተናገረ ይሄዳል አሉን። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከቤታችን ደመወዝ የሚያገኝ አልነበረም። ያን ሥራ እንዳገኝ ተስዬ ነበር።

መጋረጃውን ዘግተው የመኪና ውድድር ቪዲዮ ከፈቱ፤ ድምፁን አጠፉት። እሳቸው በቃ እስኪሉ የምናየውን ተራ በተራ በእንግሊዝኛ መናገር ነበረብን።

ተራዬ ደረሰ። ቀዩ ቀደመ፣ ነጩ ተከተለ አልኩ። ለምን እንደሚሽቀዳደሙ ግን አልገባኝም፤ ዞረው ዞረው እዚያው ይመለሳሉ። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርሱ፣ አለቀ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ተቀመጥኩ።

መኪኖቹ መዞራቸውን ቀጠሉ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ፣ «እህቴ፣ ገና ሃምሳ ዙር ይቀራቸዋል እኮ» አለኝ። ሥራው እንዳመለጠኝ አወቅሁ።

አስተማሪው ቪዲዮውን አቁመው፣ «ለምን ሦስት?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ግራ ገባኝ። ሌላ ስንት ሊሆን ይችላል? ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞሮ ይገባል አልኳቸው። ከዚያ ስለ ጥላው፣ ስለ ከበሮው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስለምትከተለው እናቴ አወራሁ። ቃል ሲያጥረኝ በእጄ አሳየሁ። ቀና ስል የሚስቅ አልነበረም። እሳቸውም በቃ አላሉኝም።

በማግስቱ የታሸገ ደብዳቤ ሰጡኝ። «ሰኞ ኦሎምፒያ ትሄጃለሽ» አሉኝ። የተሳሳትኩት እኔ፣ የተላክሁትም እኔ። ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

በዚያ ሥራ እናቴን ጦርኩ፣ ልጄን አሳደግኩ። ዘግይቼ ላመሰግናቸው ስሄድ ክፍሏ ተቆልፋለች፤ የጋራዡ ሰዎች አርፈዋል አሉኝ። ጸሎት ላስደርግላቸው ብል ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። ቲቸር ከማለት በቀር በምንም ጠርቻቸው አላውቅም።

የቂርቆስ ታቦት ሲወጣ ከሴቶቹ ጋር እዞራለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀስ ብዬ ለታቦቱ፣ «ቲቸርንም አስብልኝ» እላለሁ። እሱ ስማቸውን ያውቀዋል።