ከእኛ ቤት ወደ ጎረቤት የተሳበችው ሽቦ

እናቴ የምትተነፍሰው በመብራት ነው። ሳንባዋ ካስቸገራት ወዲህ አልጋዋ አጠገብ የኦክስጅን ማሽን ተቀምጧል፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ጩኸቱን ይለቀዋል። ጎንደር ውስጥ የመብራት መጥፋት ወሬም አይሆንም። እኛ ቤት ግን መብራት ጠፋ ማለት የእናቴ ከንፈር ጠቆረ ማለት ነው።

ስለዚህ ታላቅ ወንድሜና እኔ ጄኔሬተር ገዛን። ወንድሜ ነገር ማጥበቅ ይወዳል። ጭሱ ሰው ይገድላል ሲባል ጄኔሬተሩን ከመስኮት አርቆ ግቢው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ጥላ ሠራለት። ቤንዚኑን ከማድቤቱ በተቃራኒ፣ ሌላኛው ጫፍ አስቀመጠው። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ልሞላ ስል ያየኝ ቀን «ቤቱን ልታነጂው ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ሆስፒታል የምሠራ ትልቅ ሴት በጄሪካን ምክንያት እንደ ሕፃን ስገሰጽ እናቴ ትስቅ ነበር። ያኔ ትስቅ ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ መቀያየሪያ ገጠመልን። አንዱ መስመር ሲገባ ሌላው ይቆረጣል፤ የእኛ ጄኔሬተር ወደ ውጭ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለ ሠራተኛ እንዳይገድል ነው አለን። ሊጨርስ ሲል ከመብራት ሳጥናችን ወጥታ በግንቡ ላይ ወደ ጎረቤት የምትሻገረውን ሽቦ አያት።

ጎረቤታችን ከአይከል የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። የራሱ ቆጣሪ እስኪገባለት ብለን ከእኛ ሳብንለት፤ ቆጣሪው ሳይገባ ዓመታት አለፉ። እናቴን «እማማ» ይላታል። የነጠላዋ ጥለት ሲተረተር ሳትጠይቀው ወስዶ ይሰፋላታል።

«ይቺን መስመር ከመቀያየሪያው ወዲያ ላውጣት» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ጄኔሬተራችሁ የሰው ቤት መግባት የለበትም። መብራት የለም ብሎ ሽቦ የሚነካ አይጠፋም።»

እናቴ ከአልጋዋ ሰማችው። «እነሱ ጨለማ ተቀምጠው እኛ ብቻ ልናበራ? ምነው ልጄ፣ ነውር አይደለም እንዴ?»

«እማማ፣ እኔ የማወራው ስለ ነውር አይደለም» አላት ኤሌክትሪሺያኑ።

«እኔ ግን የማወራው ስለ እሱ ነው!»

አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ይዛም የሚረታት ሰው አልነበረም። ሰውየው ትንሽ አንገራገረና «እንግዲያው ሳታስነሱ በፊት ጠርታችሁ ንገሯቸው» ብሎ ሄደ።

እኛም ስንጠራ ኖርን። መብራት ሲጠፋ ወንድሜ ግንቡ ሥር ቆሞ «ልናስነሳ ነው!» ይላል። የልብስ ሰፊው ሚስት ከወዲያ «አስነሱት፣ እግዜር ይስጥልን!» ትላለች። አንድም ቀን ሳይጠራ አስነስቶ አያውቅም። ይህን ለፖሊሶቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ ምን ሊጠቅም!

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደና ማሽኑ ጮኸ። ወንድሜ ሮጦ ተጣራ። ሴትየዋም ከማድቤቷ ሆና «አስነሱት!» አለች። ባሏ ከቤቱ ጀርባ መሰላል ላይ መውጣቱን አላወቀችም። ከእኛ የተሳበችው ሽቦ ጣሪያው ሥር መጋጠሚያዋ ላልቶ የስፌት መኪናው እየቆመ ሲያስቸግረው ሰንብቷል፤ መብራት ሲጠፋ ጥሩ አጋጣሚ መስሎት፣ ሳይጠሩ አያስነሱም ብሎ ሊያጠብቀው ወጣ። እሱ ካለበት ደግሞ የግንቡ ሥር ጥሪ አይሰማም።

መጀመሪያ የመሰላሉን መውደቅ ሰማን፤ ቀጥሎ የእሷን ጩኸት። ወንድሜ ጄኔሬተሩን አጠፋው። እኔ ዞሬ ደረስኩና ክንዴ እስኪዝል የሰውየውን ደረት ተጫንኩ። እየተጫንኩ፣ ከግንቡ ወዲያ የእናቴ ማሽን ሲጮህ ይሰማኛል። ሰውየው አልተመለሰም።

በማን ልናደድ? በኤሌክትሪሺያኑ እንዳልናደድ፣ ነግሮናል። በወንድሜ እንዳልናደድ፣ ጠርቷል። የቀረችኝ እናቴ ናት። በታመመ ሰው ደግነት ይናደዱበታል? እኔ ተናደድኩባት። እሷም ታውቃለች፤ ምግቧን ሳቀርብላት አይኔን አታየኝም።

በቀብሩ ማግስት ሽቦዋን አስቆረጥናት። ከዚያ ወዲህ በግንቡ ላይ የሚጠራራ የለም።

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ወንድሜ ሊወጣ ሲል እናቴ ክንዱን ለቀም አደረገችው። «ተወው» አለች፤ «ይብቃኝ።» ማሽኑ ይጮሃል፤ ከንፈሯ እየጠቆረ ነው። እኔ ጣቶቿን ከክንዱ ላይ ላላቅቅ እታገላለሁ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደመጣላት አላውቅም። ወንድሜ ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅሳል።

ጩኸቱ ግንቡን ተሻግሮ ኖሯል። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴትየዋን ድምፅ ሰማን።

«ምነው አታስነሱትም? የእማማ ማሽን እየጮኸ!»

የእናቴ ጣቶች የወንድሜን ክንድ እንደያዙ ናቸው።

«አስነሱት እንጂ!»

የእናቴ እጅ ላላ። ወንድሜ ወጥቶ አስነሳው፤ አምፖሉ በራ፤ ማሽኑም ሥራውን ቀጠለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከግንቡ ወዲያ ያለው ቤት ጨለማ ነበር፤ እኛ ብቻ አብርተን ተቀመጥን።