ላስቲክ የለበሰው ጠረጴዛዬ

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጠረጴዛ እንደ ሕፃን ስታጥቢ ባል አመለጠሽ!» አሉኝ አክስቴ፣ ሳሎናቸው መሀል ፊት ለፊቴ ቆመው።

ጠረጴዛው የኔ ነው። መርሳ ከተማ ያለው አባቴ ከጓሯችን ዋንዛ ሠርቶ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ሰጠኝ። ሥራ ፍለጋ ወልድያ አክስቴ ቤት ስገባ ይዤው መጣሁ። ቫርኒሽ አያውቅም። ሳሙና ፈቅፍቄ በሙቅ ውሃ አሟሟለሁ፣ ጨርቅ ነክሬ በእንጨቱ መስመር አሻለሁ፣ የተረፈውን ጠርጌ አደርቀዋለሁ። በቃ። እጅ ሲያርፍበት እንጨት እንጨት ይላል።

አክስቴ ቤት ግን ዕቃ ሁሉ የሚኖረው ላስቲክ ውስጥ ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ አልተገለጠም፤ ሪሞቱ እንኳ ተጠቅልሏል። ለማን እንደሚቆይ ጠይቄ ነበር። «ለእንግዳ» አሉኝ። እንግዳ ሲመጣም ላስቲኩ ላይ ይቀመጣል።

ለልጃቸው ሽማግሌ ሊመጣ ሲል ጠረጴዛዬን ለሳሎን ተዋሱኝ። እኔም በሳሙና አሸሁትና፣ ቤተሰብ ልጠይቅ መርሳ ልሄድ ስነሳ፣ «ገና እርጥብ ነው፤ ምንም እንዳያለብሱት» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» ብለው አለፉኝ።

ከሳምንት በኋላ ስመለስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ጠረጴዛዬ ላስቲክ ተወጥሮበት ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ሻይ ሲቀመጥበት ላስቲኩ ከሥሩ ጉም ለበሰ። አንዱ ሽማግሌ ጥጉን ገለጥ አድርገው አሸተቱና ወደ አክስቴ ዞሩ።

«እመቤት፣ ይሄ እንጨት ረግረግ ውስጥ ነው እንዴ የበቀለው?»

ሻግቷል።

«እሷ ናት በሳሙና የምትዘፈዝፈው!» አሉ አክስቴ፣ ጣታቸውን እኔ ላይ ቀስረው።

«አባ፣ ሳይደርቅ ታፍኖ ነው» አልኩ። «ሶፋውም ቢገለጥ ከዚህ አይሻልም።»

ሽማግሌው ከሶፋው ብድግ አሉ፤ ላስቲኩ ከሱሪያቸው ጋር ጭርርር ብሎ ተላቀቀ።

የአክስቴ ልጅ ግን ተፈቅዳላቸው፣ መርቀው ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ አክስቴ የቫርኒሽ ጣሳ ይዘው መጡ።

«ወይ ዛሬ ይቀባል፣ ወይ ከቤቴ ይወጣል! አንቺም አብረሽው!»

ውሃ ጣድኩ። ሳሙና ፈቀፈቅኩ። ሻጋታውን አሽቼ አስለቀቅኩና ግቢ አውጥቼ ጥላ ሥር አቆምኩት። እስኪደርቅ ልብሴን በፌስታል ቋጠርኩ። ከዚያ ባጃጅ ጠራሁ። ሹፌሩ ጠረጴዛውን እግሩን ወደ ሰማይ ገልብጦ ጣሪያው ላይ አሰረው።

«የት ነው?» አለኝ።

«መናኸሪያ፤ የመርሳ መኪና» አልኩና ገባሁ።