ድምፅ አልባ ጸሎት

ስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ደወል» ነው የሚላት። ጸሎት ላይ ድምጿን ስታነሳ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማታል፤ እሷም ይህን ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። እግዚአብሔር ዘንድ የምትደርሰው በጉሮሮዋ ብርታት ይመስላት ነበር ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ኋላ ራሷም ያመነችው ነገር ነው።

የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት አዳራሽ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ማሽን የእሷ ነው። ፊት ለፊቷ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ደግሞ የጨርቅ ቆራጩ የታናሽ ወንድሟ ነበር። ወንድሟ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ማሽኖቹ ሲነሱ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ነው፤ ሰው ይጮሃል፣ ሰሚ የለም። ሁለቱ ብቻ፣ ልጆች ሳሉ ባበጁት የእጅ ቋንቋ፣ ከወዲያ ወዲህ እንደልባቸው ያወጋሉ። አለቃውን ያሙታል፣ ራት ማን እንደሚሠራ ይከራከራሉ። አጠገቧ የምትሰፋው፣ ወሬ ስለማታቋርጥ «ራዲዮ» የተባለችው ሴት፣ ሲስቁ ባየች ቁጥር በእሷ የሚስቁ እየመሰላት ታኮርፋለች። አንዳንዴም እውነቷን ነው።

ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ከራት በኋላ ጆሮው እንዲከፈት ጮክ ብሎ ይጸልይለት ነበር። ሁሉም ዓይኑን ስለሚጨፍን ለእሱ የሚነግረው አልነበረም። አንድ ቀን እህቱን ጎሸም አድርጎ ምን እንደሚለምኑ ጠየቃት። እሷም አፍራ «ጤና» አለችው። እሱ የአባታቸው ሳል መስሎት ለሳሉ ከልቡ መጸለይ ጀመረ። ሳሉ ለቀቃቸው። የልጁ ጆሮ እንደነበረ ቀረ፤ እሱ ግን አንድም ቀን የጎደለው ነገር እንዳለ ሆኖ አልኖረም።

አምና ኩላሊቱን ታመመ። ደወል ራስጌው ቆማ ድምጿ እስኪዘጋ ጸለየች። ሐኪሙ ከአቅማችን በላይ ነው ሲላት፣ ከእግዚአብሔር አቅም በላይ አይደለም ብላ መለሰችለት፤ ይህን ስትል ልቧ ሙሉ ነበር። ወንድሟ እጇን ይዞ እንድታርፍ ነገራት፤ እሱ ቀድሞ ለምኗል። ምን ብሎ እንደለመነ ጠየቀችው።

«ብቻዋን አትተዋት አልኩት» አላት በደከሙ ጣቶቹ።

በማግስቱ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ደወል ጸሎት እምቢ አላት። ወደ ጸሎት ጉባኤው ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ አፏን ትከፍታለች፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ሰዎች ሐዘን ነው አሉ። ሐዘንም ነበር፣ ቁጣም ነበረበት። የኩላሊቱስ ይሁን፣ ያ የወንድሟ የመጨረሻ ልመና እንዴት ሳይሰማ ይቀራል? ቤቷ ስትገባ ራቷን ቆማ ትበላለች፤ የእሱን ወንበር ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስፌት ቤትም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ የምትውልበት ቀን በዛ። አዲሱ ቆራጭ ጥሩ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ግን አያያትም። ለምንስ ያያታል?

አንድ ቀን እጅጌ እየገጠመች ሳለ፣ አለቃው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሲያልፍ አየች። ለወንድሟ ልትነግረው ሳቅ እያለች እጇን አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ። የሚያየው የለም። ያን ጊዜ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እጇን ግን አላወረደችም። መዳፏን ከራሷ በላይ ዘረጋች፤ በሁለቱ ቋንቋ እግዚአብሔር ማለት ነው።

«ነግሮሃል» አለችው በእጆቿ። «ይኸው ብቻዬን ነኝ። እኔ እዚህ ላይ አለቀብኝ፤ ድምፄም አቅሜም። ከዚህ በኋላ ያለው ያንተ ነው።»

ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ጸልዮ፣ እንደሚደመጥ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። እሷም የራሷ እምነት ቢያንሳት በእሱ እምነት ተደግፋ ቀጠለች።

መብራት ጠፋ። መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፣ በየቀኑ ይጠፋል። ማሽኖቹ ባንዴ ጸጥ ሲሉና ሰው ሁሉ ቀና ሲል ግን ደወል ፊቷ በእንባ ርሶ፣ እጆቿን አየር ላይ እንደያዘች ተገኘች። ልትሰበስባቸው ነበር። ተወችውና የጀመረችውን ጨረሰች።

ራዲዮ ጠጋ አለቻት። «ከወንድምሽ ጋር ነው የምታወሪው?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይደለም። ለእግዚአብሔር እየነገርኩት ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ብቻዬን ነኝ ብዬ።»

ራዲዮ ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ አስጠጋችና ሁለት እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሳች።

«እንዴት እንደሚባል አሳዪኝ፣ እህቴ» አለቻት። «እኔም የምነግረው አለኝ።»

«ብቻዬን ነኝ» ለማለት አንድ ጣት ደረት ላይ ማሳረፍ ነው፤ ቀላል ነው። ራዲዮ ግን መላ እጇን ለጠፈችው። ደወል መብራት እስኪመጣ ድረስ ጣቷን ይዛ ስታቃናላት ቆየች።