ዳኜ ለእኔ ያላላቸው አራት ክሮች

ዳኜን ዛሬ ሞላሌ ገበያ ብታገኙት በግ ሻጭ ነው የምትሉት። የበግ ጠጉር ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከበጎቹ መሀል ይቆማል፤ ዋጋ ሲጠይቁት እንኳ ቶሎ አይመልስም። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጣል አድርጎ ያዳምጣል። የሚሰማው ምን እንደተባለ ሳይሆን እንዴት እንደተባለ ነው። ይሄ ነገሩ ስንት ጊዜ ቆሽቴን አሳርሮታል። እኔ ጥሩሸዋ እባላለሁ፤ በወረዳው የኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ ቤዝ ጊታር ይመታ ነበር። ቁጡ ናት ሲሉኝ ሰምታችሁ ከሆነ እውነት ነው። ዳኜን ግን ብሰድበውም ወድጄው ነው።

ቤዟ ከደርግ ጊዜ የተረፈች ናት። መንግሥት ሲለወጥ መጋዘን ገብታ፣ የዘር ገብስ ጆንያ ተጭኗት ከርማ፣ ቡድኑ እንደገና ሲቋቋም ነው የወጣችው። ዳኜ ያኔ መሰንቆ መቺ ነበር። የሚይዛት ሰው ሲጠፋ "ያው ክር አይደል፣ ክር የሚያውቅ ሰው ይያዛት" ብለው ሰጡት። አንድ ክር የለመደ ሰው አራት ሲሰጡት ምን ቢል ጥሩ ነው? "ለአንዷም ጣት አልበቃኝ።" ከካሴት እየሰማ፣ እየተሳሳተ እያረመ ግን ተማራት። ወፍራሟን ክር "እማሆይ" ይላታል፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ንግግሯም ቁጥብ ነው ብሎ። ጣቱ አንዴ የለመደውን ቦታ አይለቅም። ለነገሩ ራሱም እንደዚያው ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጥባትን ወንበር ያነሱበት ጊዜ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ነው የዋለው።

ከመሰንቆው ይዞት የመጣው አንድ ልማድ ነበረው። በእኛ አገር መሰንቆ መቺ ቤቱ ቃኝቶ አይመጣም። ዘፋኟ ፊት ቁጭ ይልና "እስቲ ተናገሪ" ይላል። ድምጿን ሰምቶ፣ በዚያ ልክ ነው የፈረስ ጭራ ክሩን የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው። ዳኜ ቤዟንም ከመምታቱ በፊት "እስቲ ተናገሪ" ማለቱን አልተወም። ኦርጋን የሚጫወተው አወቀ በዚህ ይስቅበታል። አወቀ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሁሉም በኦርጋኑ እንዲቃኝ ይፈልጋል፤ እውነቱንም ነው፣ ኦርጋን እንደ ክር አይጠመዘዝም። ዳኜም የእኔን ንግግር ሰምቶ ራሱን ይነቀንቅና በኦርጋኑ ይቃኝ ነበር።

የእኔን ነገር ያመጣው እንቅርት ነው። ደጋው ላይ እንቅርት ያላት ሴት ብርቅ አይደለችም፤ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ እዘፍን ነበር። እያደገ ሄዶ ትንፋሽ ሲያሳጥረኝ አዲስ አበባ ወርጄ አስወጣሁት። ሐኪሙ አስቀድሞ "ድምፅሽ ሊወርድ ይችላል" ብሎኛል። እኔ መተንፈስ ነበር ያማረኝ፣ እሺ አልኩ። እንዳለውም ወረደ። ተመልሼ የመጣሁ ሰሞን ጎረቤቴን የትምወርቅን ከአጥር ውጭ ሆኜ "እንደምን አደርሽ" ስላት፣ ወንድ የመጣ መስሏት ልብሷን አስተካከለች። ሁለታችንም ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ክረምቱ ላይ ነበር። ወረዳው ለዕንቁጣጣሽ ትልቅ ዝግጅት አስቦ፣ የእኔ የመኸር ዘፈን መክፈቻ ይሁን ተብሏል። ያን ዘፈን ስንት ዓመት ዘፍኜዋለሁ። ልጅ አልወለድኩም፤ ልጄ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም። ክረምት መብራት ስለሚጠፋ የምንለማመደው ያለ መብራት ነው። የአወቀ ኦርጋን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ቤዝ ጊታር ግን እንደ ክራር ሆድ የላትም፣ ድፍን እንጨት ናት፤ መብራት ከሌለ ትንኝ ናት። ስለዚህ ዳኜ የቤዟን ራስ የአዳራሹ በር ላይ ተጭኖ ይመታታል፤ የበሩ ሣንቃ ድምጿን ይቀበልና ያጉረመርማል።

ያን ዕለት አወቀ ጀመረ፣ እኔም ገባሁ። ከፍ የሚለው ቦታ ስደርስ ድምፄ ተሰነጠቀ። ደገምነው፣ አሁንም ተሰነጠቀ። አወቀ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ኦርጋኑን ለእኔ ዝቅ አደረገው። ዳኜ ግን መግቢያ አጣ። በአዲሱ ድምፄ ልክ ዘፈኑ ከታች የሚያርፍበት ድምፅ ቤዟ ላይ የለም፤ እማሆይ ጣት ሳይነካት የምትሰጠው ድምፅ እንኳ ከዚያ በላይ ነው። በቀጫጭኖቹ ክሮች ልሙላው ሲል ደግሞ ዘፈኑ ወለሉ እንደተነሳ ቤት ሆነ። የባህል ጉዳይ ኃላፊው አቶ ስንታየሁ በትሕትና "ጥሩሸዋ፣ ለዚህ በዓል መሲ ትዝፈነውና አንቺ ዕረፊ" አሉኝ። መሲ ከእኔ በኋላ የመጣች ዘፋኝ ናት፣ ድምጿም ያምራል። "ትዝፈነው" ብዬ ወጣሁ።

ከእንግዲህ ብዘፍን ምላሴ ይቆረጥ ብዬ ማልኩ። ቤቴ ውስጥ እንኳ ማንጎራጎር ተውኩ። የየትምወርቅ ልጅ ክርስትና የተነሳ ዕለት ሴቱ ሁሉ እልል ሲል፣ እኔ አፌን በነጠላ ይዤ ቆምኩ። እልል ማለት ፈራሁ እኮ። ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትሆናለች?

ዳኜ የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እየወረደ ነው። በመስኮት አየሁት። ቤዟን በባናው ጠቅልሎ አዝሏታል፣ እሱ በሸሚዝ በስብሷል። አንጀቴን በላው፤ በሩን ግን ከውስጥ ቀረቀርኩት።

"ጥሩሸዋ፣ ክፈቺ" አለ።

"ወደ ቤትህ ሂድ።"

"እሺ አትክፈቺ። ተናገሪ ብቻ።"

"ምን ብዬ?"

"ያሻሽን። ስደቢኝ።"

ለስድብ ማን ብሎኝ። በሩ ላይ ተለጥፌ ለቀቅኩበት። "አንተ ግትር፣ እምቢ ሲሉህ የማይገባህ። ሚስትህ ጌታነሽ እንዴት ችላህ እንደምትኖር እኔ አላውቅም። ለአንዲት ወንበር ቀኑን ሙሉ የምታኮርፍ፣ ለሰው ሐዘን ግን ቀን የማትሰጥ..." ስል በሩ ማጉረምረም ጀመረ። ለካ የቤዟን ራስ ከውጭ ሣንቃው ላይ ተጭኗታል። ድምጿ መጀመሪያ ከእኔ ልክ በላይ ነበር። አላላት፣ ወረደች። አሁንም አላላት። ከእኔ በታች ወርዳ ጠፋችብኝ፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወደ እኔ ወጣች። እንደዚያ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ ኋላ ነግሮኛል፤ እያላሉ የተዉት ክር ይከዳል፣ ከታች ሄደው ወደ ላይ እያጠበቁ የደረሱበት ግን ይጸናል።

ድንገት መዳፌ ሥር ሣንቃው ነዘረ። የገዛ ድምፄ ነው። ያ የጠላሁት፣ የወንድ የመሰለው ድምፅ፣ በሩን ሞልቶት እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አስቀያሚ አልነበረም። ስድቤን አቋርጬ ጆሮዬን ሣንቃው ላይ አደረግሁ።

"ምነው አቆምሽ?" አለ ዳኜ ከውጭ። "ሦስቱ ይቀራሉ።"

ስድቤ አልቆ ነበር። ምን ላድርግ፣ ዘፈኑን ጀመርኩት። እሱም እየሰማ ሦስቱንም አንድ በአንድ አወረዳቸው። ጨርሼ በሩን ስከፍት ከጸጉሩ ውሃ እየወረደ አንገቱን ጣል አድርጎ ቆሟል። "ምላስሽ አለ?" አለኝ። መሐላዬን ከየት እንደሰማ እንጃለት። እሳት ዳር አስቀምጬ አንድ መለኪያ አረቄ ሰጠሁት።

ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። የላላ ክር የቤዟ አንገት ላይ ያሉትን ብረቶች እየነካ ይንጫረራል፤ እማሆይ ጥርሷ የወለቀ አሮጊት መሰለች። ወፍራም ክር ቢገኝ ጥሩ ነበር፤ ሞላሌ ላይ ማን ያመጣልናል? ዳኜ ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት ትንሽ ከፍ አደረገው፤ ጣቱም እንደ ድሮው በኃይል መምታት ትቶ መዳሰስ ተማረ። ያም ሆኖ ጩኸቱ ሲያስቸግረው እኔ ተነስቼ የገዛ ባናዬን ጠርዝ በምላጭ ቆረጥኩ። ቁራጩን ከክሮቹ ሥር ወተፈው። ያኔ ድምጿ ክብ ሆነ። አወቀና አቶ ስንታየሁ መጥተው ሰሙን። አወቀ ያቺን ቁልፉን ተጫነ፤ አቶ ስንታየሁ ደግሞ "እንግዲያው መክፈቻው ያንቺው ነው" አሉ። መሲም የራሷን ዘፈኖች ይዛ ከእኔ ቀጥሎ እንድትወጣ ሆነ።

የዕንቁጣጣሽ ዕለት ሜዳው ላይ መድረክ ተሠርቶ፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ፣ ሰዉ ከየቀበሌው ወጣ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ማይኩን አነሳሁ። ዳኜ ጠጋ ብሎ "እስቲ ተናገሪ" አለኝ። "ባንተ የተነሳ ልዋረድ ነው፣ አንተ የማትረባ" አልኩት። እማሆይን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ጀመርን። የቤዟ ድምፅ ከሞንታርቦው፣ ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ በመድረኩ ሣንቃ በእግሬ ገባ። እኔም እላዩ ላይ ቆምኩበት። የትምወርቅ ኋላ እንደነገረችኝ አጠገቧ ያሉት "ይቺ ደግሞ ማናት?" ብለው ጠይቀዋታል፤ "የእኛዋ ጥሩሸዋ" ብትላቸው አላመኗትም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ግን ወንዱ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ። ሲያልቅ ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም ማይኩን እንደያዝኩ እልል አልኩ። ወፍራም እልልታ ነው፣ ይሁን። እልል አልኩ።

መሲ ተራዋ ሲደርስ፣ ዳኜ ክሮቹን ወደ ድሮው መልሶ እንዲያጠብቅ ጠበቅሁ። የእሷ ዘፈኖች የተሠሩት በድሮው ቅኝት ነው። እሱ ግን መጠምዘዣዎቹን አልነካም። እጁን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ በአዲስ ቦታ ይመታ ጀመር። ድሮ ክሩን ባዶውን የሚመታበት ቦታ ሁሉ አሁን በጣቱ መያዝ አለበት። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አንዴ ተሳሳተና ከንፈሩን ነከሰ፤ ዳኜ ደግሞ በእነዚያ ዘፈኖች ተሳስቶ አያውቅም።

መሲ ከመድረክ ስትወርድ ያዝኳት። "ምን ሆኖ ነው?"

"አልነገረሽም እንዴ እትዬ? ክሮቹ አሮጌ ናቸው። በየዘፈኑ ቢጠብቁና ቢላሉ ይበጠሳሉ፣ መተኪያ ደግሞ የለም። ወይ ባንቺ ልክ ወይ በእኔ ልክ መቅረት ነበረባቸው። ጋሼ ዳኜ የእኔን ዘፈኖች በሙሉ እንደ አዲስ ሲያጠና ነው የከረመው። ጣቶቹን አላየሻቸውም?"

አላየኋቸውም ነበር። ወንበሩ ስለተነሳ ያኮረፈ ሰው፣ ለእኔ ሲል የዘፈኖቹን ሁሉ ቦታ ቀይሯል፤ ለእኔም ትንፍሽ አላለም።

በሚቀጥለው ልምምድ አዳራሽ ስገባ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ፣ የቤዟን ራስ ሣንቃው ላይ ተጭኖ አገኘሁት። የግራ እጁ ጣቶች ጫፋቸው ተልጧል።

"መቼ ነው ወደ ቦታቸው የምትመልሳቸው?" አልኩት።

"ቦታቸው ላይ ናቸው" አለና አንገቱን ጣል አደረገ። "እስቲ ተናገሪ።"

"ምን ልበል?"

"የተለመደውን።"

አንድ ስድብ ፈለግሁ፣ አጣሁ። እኔ ጥሩሸዋ ስድብ አጣሁ። "ዳኜ" ብቻ አልኩት። እማሆይን ነካት፤ በሩ ስሙን ደገመልኝ። መጠምዘዣዋን አልነካም።